የእናት ኩሬ መሐላ

አባቴ ሌባ መሆኑን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን መስሎኝ አልነበረም፣ አውቄ ነበር። ልጅ አንድ ነገር አወቀ ማለት አለቀ፤ የሚያስጥለው የለም።

የምንኖረው ከኮኪት በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀን፣ ጓንግ ዳር ነበር። ጓንግን በክረምት ያየ ሰው ሚያዝያ ላይ ቢያየው ያው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም። በክረምት ግንድ እየነቀለ፣ ያገኘውን ከብት እየጠረገ ወደ ሱዳን የሚወርድ ጉድ ነው። ጥር ሲገባ መፍሰሱን ያቆማል። ከዚያ እስከ ሰኔ የሚቀረው አሸዋና ድንጋይ፣ በየመታጠፊያው ደግሞ አንዳንድ ኩሬ ነው። ዓሣው ሁሉ ተጠራርቶ እነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ይከማቻል። የእኛ ሰዎች ኑሮ የተመሠረተው በእነሱ ላይ ነበር። አሥራ አራት ዓሣ አጥማጆች፣ አሥራ አራት ኩሬዎች፤ ሁሉም ከአባት ለልጅ የሚተላለፉ፣ በባለቤታቸው ስም የሚጠሩ። የአባ ዘመነ ኩሬ፣ የቢሆነኝ ኩሬ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ የኸሊፋ ኩሬ። ኸሊፋ አባቴ ነው።

አሥራ አምስተኛዋ ኩሬ የማንም አልነበረችም። ከሁሉ ትልቅ፣ ከሁሉ ጥልቅ፣ በሁለት ቋጥኝ መካከል የተኛች፣ በየትኛውም በጋ ደርቃ የማታውቅ ናት። እናቲቱ ይሏታል። እናቲቱ ውስጥ መረብ አይገባም፣ መንጠቆ አይጣልም። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ገብቶ ዓሣዋን በወንዙ ላይ ይበትነዋል፤ በሚቀጥለው ጥር አሥራ አራቱም ኩሬዎች የሚሞሉት በእሷ ልጆች ነው። ይህን ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። ስሜን ማን እንደነገረኝስ መቼ አስታውሳለሁ?

ሁዳዴ ሲገባ የአባቴ ወዳጅ ይበዛል። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም እያሉ ካህናቱ ሲከራከሩ ገበያው አስቀድሞ ወስኗል፤ ከሸሕዲ ከተማ የሚመጡት ሴቶች ቅርጫታቸውን ታቅፈው ገና በጠዋቱ ደጃችን ላይ ናቸው። የተረፈው በጨው ታሽቶ፣ እሾህ ላይ ደርቆ፣ በአህያ ድንበር ይሻገራል። አባቴ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ስለዋለ መረብ አይልም፤ ሸበካ ነው የሚለው። ሸበካውን የሚሠራው ራሱ ነበር። ጣቱ ክሩ ላይ ሲሮጥ ዓይኔ አይከተለውም ነበር፤ እሱ ግን እያወራ፣ እየሳቀ፣ አንዴም ወደ እጁ ሳያይ ይሠራል። የዓለም ትልቁ ሰው እሱ ነበር።

በዚያ ቀን የወጣሁት ዛጎል ፍለጋ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ አፋቸውን ከፍተው የሚቀሩ፣ ጠርዛቸው ስለታም የሆነ የወንዝ ዛጎሎች አሉ። እናቴ ሉባባ የዓሣ ቅርፊት የምትፍቀው በእነሱ ነበር፤ ቢላ ሥጋውን ያበላሸዋል ትላለች። ዛጎል መልቀም የሴት ልጆች ሥራ ነው። ያለን ተሰብሮብኝ ስለነበር፣ እሷ ሳታውቅ ሌላ ልተካ ብዬ በቀትር ሹልክ አልኩ።

በቆላ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ይተኛል። ውሻውም ፍየሉም ጥላ ሥር ተዘርሯል። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት የጀመረ አንድ ባለሀብት ውኃ የሚስብ ሞተር አምጥቶ ተክሏል። ድምፁ ለእኔ ደስ የሚል ነበር፤ ሠርግ ያለ ይመስለኝ ነበር። ኩሬዎቻችን በየቀኑ አንድ ጣት እየወረዱ እንደሆነ፣ አዋቂዎቹ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ እንዳጡ አላውቅም ነበር።

ቋጥኙን ዞሬ ስወጣ አባቴን አየሁት። እናቲቱ ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆሟል። አፉ በቢላ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ወደ ውኃው አዘንብሎ ይዟል። ጀሪካኑ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ይንፈራገጣል። እግሬ ሥር ጠጠር ተንከባለለና አባቴ ቀና አለ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዛጎል…»

ዙሪያውን ቃኘ። አባቴ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሰው ሲያወጣ አይቻለሁ፤ ፈርቶ ግን አይቼው አላውቅም።

«ዋሲላ፣ እዚህ አላየሽኝም። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለቢሆነኝ ልጆችም ቢሆን። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አልኩና ዛጎሌን ጥዬ ሮጥኩ።

ማታ እራት ላይ እነዚያን ትንንሽ ዓሦች ዓይኔ ፈለጋቸው። ምጣዱም ላይ፣ እሾሁም ላይ የሉም። ሸጧቸዋል አልኩ በልቤ። ከዚያ መጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ጆሮዬን ወደ እናትና አባቴ ጣልኩ።

«የሰው ንብረት ነው፣ ኸሊፋ። ቢታወቅስ?» አለች እናቴ።

«ሞተሩ ከሚጨርሳቸው እኔ ብወስዳቸው ይሻላል።»

«እንዴት አድርገህ ልትምል ነው?»

አባቴ ኩራዙን እፍ ብሎ አጠፋው። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። የሰው ንብረት የተባለችው እናቲቱ ናት፣ የአሥራ አራቱም ናትና። አባቴ ደግሞ ሌላው ከሚቀድመኝ ልቅደም ብሎ ሰርቋታል። አንድም ቃል አልተሳሳተብኝም፤ የተሳሳተብኝ ነገሩ ነው።

እናቴ ያለችው መሐላ በግንቦት መጀመሪያ፣ ጎርፉ ሳይመጣ የሚደረገው ነው። ዓርብ የእስላሙ፣ እሑድ የክርስቲያኑ ነው ተብሎ ማክሰኞ ቀን ይውላል። አንድ ልጅ ከእናቲቱ ውኃ በቅል ቀድቶ ያመጣል፤ አሥራ አራቱም በየተራ ይጎነጩና ይምላሉ። ዋሽቶ የማለ ሆዱ ይነፋል። ይህን ደግሞ በወሬ ብቻ አላውቀውም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከላይኛው መንደር አንድ ሰውዬ ነበር። ዋሽቶ ምሎ ነው ይባል ነበር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ እጅና እግሩ ግን ክር አክሎ፣ ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ አየሁት። ለሰኔ አልደረሰም።

አሁን ሸሕዲ ነርስ ነኝ። ሆዳቸው እንደዚያ ሰውዬ የተወጠረ ሰዎች፣ አብዛኛዎቹ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የመጡ ጎረምሶች፣ በየጊዜው ይመጡልኛል። ካላዛር ነው። የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ነው፤ መድኃኒት አለው፣ በጊዜ ከመጡ ይድናሉ። ሰውዬውን ውኃ እንዳልገደለው አሁን አውቃለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ግን ይህን አታውቅም። በየምሽቱ የአባቷን ሆድ በዓይኗ እየለካች ነበር የምትተኛው።

መሐላው ሦስት ቀን ሲቀረው አባ ዘመነ ቤታችን መጡ። የውኃ አባት ናቸው፤ በወንዙ ጉዳይ የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ።

«ዘንድሮ ውኃ ቀጂ የኸሊፋ ልጅ ትሁን ብለናል። ዋሽታ አታውቅም ይሏታል» አሉ።

እናቴ አባቴን አየች። አባቴ መሬቱን አየ። «እንዳላችሁ» አለ።

ውኃ ቀጂ ብቻውን ይሄዳል፤ በመንገድ ማንም አያናግረውም፣ እሱም ማንንም አያናግርም። ማክሰኞ ማለዳ ቅሉን ተሸክሜ ወጣሁ። ወደ እናቲቱ የሚወስደው መንገድ በግራ ነው። በቀኝ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የእጅ ፓምፕ አለ። መንታው ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። የፓምፑን እጀታ ለመጫን ኪሎዬ ስለማይበቃ በሆዴ ተንጠለጠልኩበት። እየተንቋረረ ቅሉን ሞላልኝ። ያን ሁሉ ሳደርግ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ይህ የእናቲቱ ውኃ አይደለም፣ ስለዚህ አባቴን አያውቀውም፤ ይዋሽ፣ ይማል፣ ሆዱ አይነፋም። ቶሎ ተመለሰች ብለው እንዳይጠረጥሩኝ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጊዜ አሳለፍኩና ሄድኩ።

አሥራ አራቱም ሁመር ዛፍ ሥር በረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ከላይኛው ኩሬ እስከ ታችኛው፣ እንደ ኩሬያቸው ተራ። አባ ዘመነ ቅሉን ተቀበሉኝና ተጎነጩ። ውኃውን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ዋጡትና ማሉ፦ «ከእናቲቱ አልነካሁም፣ ከወንድሜም ኩሬ አልነካሁም። ነክቼ ከሆነ ውኃው ይፍረደኝ።»

ቅሉ ወደ ታች ሄደ። አንዱ ተጎንጭቶ ሳል ያዘው። አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። አያ ቢሆነኝ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ ጎረቤታችን፣ ከተጎነጩ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው በጣም ቆዩ፤ መሐላቸውን በሹክሹክታ ነው የተናገሩት። ሁሉም ፈጣሪያቸውን ፈርተው ነው አልኩ። አዋቂዎችን በሙሉ አታልዬ ቆሜያለሁ፣ ማንም አላወቀም፤ ፍርሃቴ ለቆኝ ኩራት ቢጤ ሁሉ ይሰማኝ ጀመር።

የመጨረሻው አባቴ ነው። ተጎነጨ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሽው ሲል አየሁ። ቀና ብሎ ተመለከተኝ፤ ቁጣም ሳቅም ያልሆነ አስተያየት ነበር። ከዚያ ቅሉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እኔ አልምልም» አለ።

«ኸሊፋ፣ ምን ነክተህ ነው?» አሉ አባ ዘመነ።

«የነካሁትን አላህ ያውቀዋል።»

አባ ዘመነ ሌሎቹን አዩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ፤ አያ ቢሆነኝም አቀርቅረዋል። አባ ዘመነ ድምፃቸው እየሰለለ ፍርዱን ተናገሩ፦ ያልማለ ከወንዙ አይጠጣም፣ ከወንዙ አይበላም። ኩሬው ለጎረቤቱ ይሆናል።

እኔ እዚያው ቆሜ ውስጤ በንዴት ነደደ። በአባቴ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ደክሜለት፣ ውኃ ለውጬለት፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ቤቱ መግባት አቅቶት ራሱን አጋለጠ። ሌባ መሆኑ ሳያንስ ሞኝም ነው አልኩ። እናቴ እንኳ አላለቀሰችም፤ ሸክላዎቿን በጆንያ እየጠቀለለች «እኔስ ይሄው እንደሚመጣ አውቄ ነበር» አለች። በሳምንቱ ሸሕዲ ገባን።

አባቴ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሰፊ ሆነ። ያ በክር ላይ ይሮጥ የነበረ ጣት በወፍራም መርፌ የጆንያ አፍ ሲሰፋ ኖረ። መቼም አጉረምርሞ አያውቅም። እኔ ተማርኩ፣ ነርስ ሆንኩ፤ እናቴ ስትሞት ከእኔ ጋር መኖር ጀመረ። ልብሱን አጥባለሁ፣ እራቱን አቀርባለሁ፤ ስለ ጓንግ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። እሱ ያፈረ ይመስለኝ ነበር፣ እኔም በእሱ አፍር ነበር። እንደዚያ ሆነን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄደ።

ባለፈው መጋቢት ደም ግፊት ሊለኩ አንድ ሽማግሌ መጡ። ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ስጠመጥም እጃቸውን አየሁት፤ መረብ የቆረጠው እጅ የትም ቢሆን ይለያል። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ አያ ቢሆነኝ ናቸው።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» አሉ፣ ሳያውቁኝ።

«የኸሊፋ ነኝ።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ዋሲላ? ውኃ ቀጂዋ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ያን ለት ያጠጣሽን የእጅ ፓምፕ ውኃ ነበር።»

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ምድር ብትከፈት ብገባ ደስ ባለኝ። «አውቃችሁ ነበር እንዴ?» አልኩ።

«ማን ያላወቀ አለ? ዕድሜ ልኩን ጓንግን የጠጣ ሰው የብረት ውኃ ይጠፋዋል? አባ ዘመነም አውቀዋል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ደስ ስላለን ነዋ።» ይህን ሲሉ አላዩኝም። «ያ ሞተር ኩሬያችንን ጨረሰብን። ልጅ ይበላል፣ ሁዳዴ ነው፣ ገበያው ይጣራል። ሁሉም በየጎኑ እናቲቱን ነካክቷት ነበር። እኔ ሁለቴ ገብቻለሁ። ውኃዋን እንዴት እጠጣለሁ እያልኩ ሌሊቱን አልተኛሁም። አንቺ የፓምፕ ውኃ ይዘሽ ስትመጪ እግዜር ላከሽ አልን። አባትሽ ብቻ ነው ከእሷ ያልወሰደ።»

«አይቼዋለሁ እኮ፣ አያ። በጀሪካን…»

«እኔም አይቼዋለሁ። ከእኔ ኩሬ የዓሣ ጫጩት እየጨለፈ ጀሪካን ሲሞላ አየሁት። በቀትር፣ ሰው ተኝቶ። ሰርቆ ሊሸጥ ነው ብዬ ተከተልኩት። እናቲቱ ጋ ሲደርስ ለቀቃቸው። አጎንብሶ፣ ቀስ እያለ፣ ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ኩሬዎቹ ደርቀው ጫጩቱ ሁሉ ከሚያልቅ ብሎ ከየሰዉ እየሰረቀ ለእሷ ይሰጣል።» ጨርቁን ከክንዳቸው ፈቱት፤ ግፊታቸውን ገና አልለካሁም። «መሐላው ለት ተነስቼ ይህን መናገር ነበረብኝ። ብናገር ግን አንተስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር እባላለሁ። እኔ ደግሞ መንጠቆ ይዤ ወደ እሷ ስሄድ ነው ያገኘሁት። አፌን ያዝኩ። በሚቀጥለው ጥር ወንዙ በዓሣ ሞላ። ሁሉም ተአምር ነው አለ። እኔ ግን የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ።»

አሁን ሦስት ዓሣ አጥማጆች ብቻ እንደቀሩ ነገሩኝ፤ ሌላው ባጃጅ ይነዳል፣ ሰሊጥ ይነግዳል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ሁለት ወጣቶች፣ ካሌብና አበባው የሚባሉ፣ ሥራውን አስተምሩን ብለው መጥተውላቸዋል። ይህን ሲናገሩ ብቻ ነው ፊታቸው የፈካው።

በዚያ ቀን ከሥራ ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ አዲስ አባት ሠራሁ። ውኃውን ሲቀምስ የሠራሁትን አወቀ፤ ቢናገር እዋረዳለሁ፤ እኔን ለመሸፈን ብሎ ኩሬውን፣ ስሙን፣ ሁሉን ሰጠ። ያ ሁሉ ዓመት ለእኔ ሲል ነው ጆንያ የሰፋው። ደጁ ላይ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እያለቀስኩ የተነገረኝን ሁሉ ነገርኩት፤ አያ ቢሆነኝ እንዳዩት ብቻ አልነገርኩትም፣ ማን እንደነገረኝም አልጠየቀኝም።

«ተነሽ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» አለ ግራ ገብቶት። «የፓምፕ ውኃ መሆኑንማ አወቅሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደክሟት ነው አልኩ። በልጅ ይፈረዳል?»

«ለእኔ ብለህ አይደለም እምቢ ያልከው?»

«ለአንቺ?» ሳቀ። «ዋሲላ፣ እኔ እኮ ሰርቄያለሁ። ከቢሆነኝ ኩሬ ሦስት ጀሪካን፣ ከሌሎቹም አንድ አንድ። ከወንድሜ ኩሬ አልነካሁም ብዬ እንዴት እምላለሁ? ውኃው ከየትም ይምጣ።»

«ለበጎ ነው የወሰድኩት ብለህ ለምን አልተናገርክም?»

«ሰርቄ ልመስገን? ደግሞስ እናቲቱ በዓሣ ሞልታለች ብዬ በዚያ የረሃብ ዓመት ባወራ አንድም አይተርፍ።»

ማውጣት ነበረብኝና አወጣሁት። «አባ፣ እኔ ከእናቲቱ ስትሰርቅ ያየሁህ መስሎኝ ነበር።»

ሰሌኑ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? ሌባ ነው እያልሽ ነው ሸሚዜን ስትተኩሺልኝ የኖርሽው?»

«አዎ።»

«ሌባነቱንስ አልተሳሳትሽም» አለ። «የተሳሳትሽው ኩሬውን ነው።» እንደገና ሳቀ፤ ግን ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ ውኃ ሞላ። «ቢሆነኝ ግን አያውቅም። ፊቱን ማየት እያቃተኝ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ወንዙ ዳር ያልረገጥኩት። ወንድሜ ነበር እኮ።»

«አይተውሃል» ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ይህ በእኔ አፍ የሚነገር አልነበረም። «እወስድሃለሁ» አልኩት።

የወሰድኩት በሚያዝያ፣ ፈቃድ ባገኘሁ ሳምንት ነው። እስከ ኮኪት በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። አያ ቢሆነኝ ኩሬያቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኩሬው ኩሬ ከመባል ወጥቷል፤ የአንድ ጎጆ ወለል ነው የሚያክለው፣ ጫጩቶቹ ጀርባቸው ከውኃው በላይ እየታየ ይተረማመሳሉ። ካሌብና አበባው ትንሽ ራቅ ብለው መረብ ይጠግናሉ። አያ ቢሆነኝ ሲያዩን ተነሱ፤ ግን ወደ እኛ አልመጡም።

አባቴ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ እዚያው በቆመበት ተናገረው። ድምፁ እንደ ልጅ ነበር።

«ቢሆነኝ፣ ያን ዓመት ከኩሬህ ሦስት ጀሪካን ጫጩት ሰርቄሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«አይቼሃለሁ» አሉ አያ ቢሆነኝ።

አባቴ ያልሰማ ይመስል ቆመ።

«ቋጥኙ ኋላ ነበርኩ። መንጠቆ ይዤ። አንተ ስትሰጣት እኔ ልወስድባት መጥቼ ነበር። አይቼህ ሳለ፣ ከወንዙ ሲያስወጡህ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔን ማን ይቅር ይበለኝ?»

አባቴ ሄዶ ትከሻቸውን ያዘ፤ ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው ቆዩ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ስል አባቴ ኩሬውን እያየ ነበር።

«ይሄ ሳምንት አይቆይም» አለ።

«ሦስት ቀንም አይቆይ። እኔ ወገቤ እምቢ ብሎኝ ነው የማየው።»

አባቴ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩ። ውኃው ውስጥ ሊገባ ሲል ዘወር ብሎ አያ ቢሆነኝን በዓይኑ ጠየቃቸው። እሳቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ወጣቶቹ ተጣሩ።

«ኑ እናንተ፣ ኸሊፋ ኩሬዬን ሊሰርቀኝ ነው። ባልዲ ይዛችሁ ኑና አግዙት።»